ክኒንና ማዕድ

«ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እንደ እኔ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚውል ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ አብዝቶ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ደግሞ ከጥያቄው ያጥራል፤ ከሁለቱ አንዱን በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ጽፎ ቀጣዩን ሰው መጥራት። ሕመምተኛው ምክሩን የጨጓራ ጉዳይ አድርጎ ይወስደዋል። ክኒን በባዶ ሆድ ያቃጥላል፤ እንግዲያው ቁራሽ ዳቦ ይቅደም፤ አለቀ። ውሸት አይደለም፤ አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ሲውጥ የከረመ ሰው ያውቀዋል። በብዙ መድኃኒቶች ላይ ግን «ከምግብ በኋላ» የሚለው ትእዛዝ ከጨጓራ ማቃጠል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሚወስነው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተዋጠው መድኃኒት ደም ውስጥ ይደርሳል ወይስ እንደ ገባ ይወጣል?

ይህን የሚወስነው በመጀመሪያ የሞለኪውሉ ቅርጽና ጠባይ ነው። ሁልጊዜ የምጠቅሰው ምሳሌ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን ናቸው፤ ሁለቱንም የማያውቅ ቤት የለምና። የሁለቱን ኬሚካዊ ቀመር ጎን ለጎን ቢጽፉት 16 ካርቦን፣ 19 ሃይድሮጂን፣ 3 ናይትሮጂን፣ 1 ሰልፈር እኩል እኩል ነው። ልዩነቱ ኦክስጅን ላይ ብቻ ነው፤ አምፒሲሊን 4፣ አሞክሳሲሊን 5። አንዲት የኦክስጅን አቶም! አምፒሲሊን ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው ግማሹ ወይም ከዚያ ያነሰው ነው፤ ምግብ ካገኘው ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። ስለዚህ በባዶ ሆድ፣ በየስድስት ሰዓቱ። አሞክሳሲሊን ግን ሦስት አራተኛውና ከዚያ በላይ ይገባል፤ ተበላ አልተበላ ብዙም አይገደውም፤ በየስምንት ሰዓቱ ይበቃዋል። አንጀት ውስጥ የሚቀረው ትርፍ አነስተኛ ስለሆነም እንደ አምፒሲሊን ተቅማጥ አያበዛም። ሕመምተኛው ሌሊት ከመነሣት የዳነው በዚያች አንዲት አቶም ነው።

የእነዚህ የሁለቱ ታላቅ የሆነው የመጀመሪያው ፔኒሲሊን ደግሞ የጨጓራ አሲድ ፊት መቆም ስለማይችል በመርፌ እንዲሰጥ ተፈርዶበት ኖረ። ኬሚስቶች ግን ይህንኑ ፔኒሲሊን ቤንዛቲን ከተባለ ሌላ ነገር ጋር አዋሕደው ውኃ ውስጥ እንዳይሟሟ አደረጉት። ለመድኃኒት አለመሟሟት እርግማን መስሎ ይታያል፤ እዚህ ላይ በረከት ሆነ። ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ እዚያው ይቀመጥና ለሦስትና ለአራት ሳምንት ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ወደ ደም ይገባል። በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ልባቸው ላይ ወርዶ የሩማቲክ የልብ በሽታ ያተረፈባቸው ልጆች በወር አንዴ የሚወጉት ይህንን ነው። አገራችን ውስጥ ስንት ወላጅ ልጁን በየወሩ ይዞ እንደሚመላለስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ መርፌ ለምን እንደሚያምና ፈሳሹ ለምን እንደሚወፍር ለልጆቹ ስነግራቸው ስቃዩ ባይቀንስም ቢያንስ ቂም አይዙብኝም።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። የሚዋጥ መድኃኒት በሁለት ተቃራኒ ፈተናዎች ያልፋል። መጀመሪያ አንጀት ውስጥ ባለው ውኃ መሟሟት አለበት፤ ቀጥሎ የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ አለበት፤ ግድግዳው የተሠራባቸው የሕዋሳት ሽፋን ደግሞ ቅባት ነው። ውኃን ብቻ የሚወድ ሞለኪውል የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ የሚሰጡት ለዚህ ነው እንጂ ሕዝባችን እንደሚያምነው መርፌ ሁልጊዜ ከክኒን ስለሚበልጥ አይደለም። ቅባትን ብቻ የሚወደው ደግሞ ግድግዳው ጋር ሳይደርስ የመጀመሪያው ላይ ይቀራል። ክሪስቶፈር ሊፒንስኪ የተባለ የፋይዘር ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ደንብ ክብደቱ በአቶም መለኪያ ከ500 የሚበልጥ፣ ከውኃ ይልቅ ወደ ቅባት የሚያዘነብልበት መጠን ከመቶ ሺህ እጥፍ የሚያልፍ ሞለኪውል በአፍ ሲወሰድ እንደሚያስቸግር አስጠንቅቋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ነገር ስፋት ነው። ተማሪ ሳለን አስፕሪን ደካማ አሲድ ስለሆነ ጨጓራ ውስጥ ይመጠጣል ተብለን በቃላችን አጥንተናል። እውነታው ግን አብዛኛው የሚመጠጠው ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው፤ ኬሚስትሪው ጨጓራን ቢያደላም ስፋቱ የአንጀት ነውና። ስፋቱም ቢሆን የቴኒስ ሜዳ ያህላል ሲባል የኖረው የተጋነነ ነው፤ የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አስልተው የምግብ መተላለፊያውን ውስጠኛ ገጽ በጠቅላላ 32 ካሬ ሜትር ገደማ አድርገውታል። አንድ መለስተኛ ሳሎን ማለት ነው፤ እሱም ቢሆን ጨጓራን በብዙ እጥፍ ያስከነዳል።

አሁን ወደ ወባ መድኃኒቱ ወደ ኮአርተም ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም እሱ ነው።

እዚህ ጎንደር ክረምቱ ሲወጣ ወጣቱ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል። ሲመለስ ደመወዙን ይዞ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ወባን ይዞ። አገራችን ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የቀድሞውን መድኃኒት ፋንሲዳርን ትታ ኮአርተምን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቢጫዋ ክኒን በውስጧ ሁለት መድኃኒት ይዛለች፤ 20 ሚሊግራም አርቲሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን። አርቲሜተር የተገኘው ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ የእ.ኤ.አ. 2015ን የኖቤል ሽልማት ከተቀበለችበት ከቻይናው የአርቲሚዥያ ተክል ነው፤ የወባውን ጥገኛ ተሕዋስ በሰዓታት ውስጥ ይደፍቀዋል፤ ራሱም በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። የተረፈውን የሚለቅመው ሉሜፋንትሪን ነው፤ ደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ሕመሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቀው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሉሜፋንትሪን ግን ከላይ ያነሣኋቸውን ሁለቱንም የሊፒንስኪ ማስጠንቀቂያዎች ያሟላል። ክብደቱ 529 ገደማ ነው፤ ከውኃ ይልቅ ቅባትን የሚመርጥበት መጠን በስሌት ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ውኃ ውስጥ አይሟሟም ቢባል ይቀላል። በባዶ ሆድ የዋጠው ሰው ቢጫ ዱቄት በአንጀቱ አሳልፎ ይሸኛል። ቅባት ያለበት ምግብ ሲገባ ግን ሐሞት ይፈስሳል፤ እንዶድ የሸማን ቅባት ከውኃ ጋር አስታርቆ እንደሚያስለቅቅ ሁሉ ሐሞትም ቅባቱን በጥቃቅኑ በትኖ ሉሜፋንትሪንን በውስጡ ይዞት ይንሳፈፋል፤ በዚያው ታዝሎ ግድግዳው ጋር ይደርሳል። ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ምርመራ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር የተወሰደ ሉሜፋንትሪን በባዶ ሆድ ከተወሰደው እስከ 16 እጥፍ ወደ ደም ገብቷል። አርቲሜተርም ከሁለት እጥፍ በላይ። እንግዲህ ያው ክኒን፣ ያው ሚሊግራም፣ ያው ዋጋ፤ 16 እጥፍ!

ችግሩ የወባ ሕመምተኛ አይበላም። አፉ ይመረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ የወጥ ሽታ ሲሸተው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በዚያ ላይ የአወሳሰዱን ሰዓት ተመልከቱት። አዋቂ በአንድ ጊዜ አራት ክኒን፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ በድምሩ 24 ክኒን ይወስዳል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመርምሮ ማታ አንድ ሰዓት የጀመረ ሰው ሁለተኛውን የሚውጠው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ ቅባት ያለው ምግብ የሚበላ ማን ነው? ሰዓቱን ያከበረው ራሱ አራቱን ክኒን በውኃ ገፍቶ ተመልሶ ይተኛል።

ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ወባው ገና አልበረደም። ባለፈው የወባ ወቅት አንዲት እናት ለልጃቸው ኮአርተም ሊወስዱ መጡ። ልጁ ውጭ ግንቡን ተደግፎ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ይንቀጠቀጣል። «እማማ፣ ይህን ሲውጥ ወተት ወይም ቅባት ያለው ነገር ይቅመስ» አልኳቸው።

«ጾም ነው እኮ ልጄ። ወተት ከየት አምጥቼ?»

«ታምሞ የለ እንዴ እማማ? የታመመ ሰው መጾም ግዴታው አይደለም።»

«እሱስ ልክ ነህ፤ ቄሱም እንዲሁ ይሉኛል። ልጁ ግን እንቢ ነው የሚለኝ። ለታቦቱ ተስሎ ነው የተመለሰው።»

ከስለት ጋር መከራከር የእኔ ሥራ አይደለም። ደግሞም አላስፈለገም። ለሉሜፋንትሪን ቅባቱ የላም ይሁን የሱፍ ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ኮአርተምን በተለያየ መጠን የአኩሪ አተር ወተት ሰጥቶ ለክቶታል። ከፍተኛ ሊገባ ከሚችለው 90 በመቶው እንዲገባ ያስፈለገው 36 ሚሊሊትር ብቻ ነበር፤ የቡና ስኒ ግማሽ ገደማ። በውስጡ ያለው ቅባት 1.2 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አራት ግራም ያልፋል። ስለዚህ የጾም ሽሮ ዘይት ጠብ ካለበት ይበቃል፤ ሱፍ ፍትፍት ይበቃል፤ ተልባ ይበቃል፤ አንድ እፍኝ ለውዝ ትራስ ሥር አስቀምጦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከክኒኑ ጋር መቆርጠም ይበቃል። ልጁ ሲያጭደው የከረመው ሰሊጥ ራሱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው! ይህን ስነግራቸው እናትየው ሣቁ፤ «ያገሩን ሰሊጥ ሲሸከም ከርሞ» አሉና ልጃቸውን ሊነግሩት ወጡ።

ስለዚህ ቅባቱ ከጾም ማዕድ አይጠፋም፤ የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋሉ ነው። ጠዋት የሚደርሰውን ዙር በባዶ ሆድ ውጦ እህል እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምስ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለአንጀቱ መጽውቶታል። በከረጢቱ ላይ «ከምግብ ጋር» ተብሎ ቢጻፍለት ዳቦ በሻይ በልቶ ታዝዣለሁ ይላል፤ ባዶ ዳቦ ግን ያሰብነውን ያህል ቅባት የለውም። እኔ «ዘይት ካለው ምግብ ጋር» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቦታው ይበቃል። ከወሰደ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ካስመለሰው ያንን ዙር መድገም እንዳለበትም እነግራለሁ። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ መድኃኒቱም አብሮ በደንብ መግባት ይጀምራል፤ የሚያሳስቡት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ናቸው። ወሩ ሳይሞላ ወባው ሲመለስበት «ኮአርተሙ ሐሰተኛ ነው» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ሐሰተኛ መድኃኒት ገበያ ላይ የለም አልልም። ግን ከመፍረዴ በፊት በምን እንደዋጠው እጠይቃለሁ።

ምግብ መድኃኒትን የሚያስገባውን ያህል በር ላይ ይዞ ያስቀረዋልም። ወተት በእኛ ዘንድ ማርከሻ ነው፤ መርዝ የቀመሰ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት እሱ ነው። ብርቱ የሚባል መድኃኒትም እንዳይጎዳ በወተት ይዋጣል። ፀረ ባክቴሪያው ቴትራሳይክሊን በወተት ሲዋጥ ወተቱ በእርግጥም ያረክሰዋል፤ ሕመምተኛው በፈለገው መንገድ ግን አይደለም። የቴትራሳይክሊን ሞለኪውል አንድ ጎኑ ላይ የተደረደሩት ኦክስጅኖች ካልሲየምን ጨብጠው አይለቁም፤ ተጣብቀው የሚፈጥሩት ነገር ግድግዳውን አያልፍም። ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ ነው። ብረት፣ ማግኒዥየምና አሉሚኒየምም እንደ ካልሲየም ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የጨጓራ ማስታገሻ ፈሳሽና የደም ማነስ ክኒንም አብረው አይወሰዱም። ይኸው ካልሲየምን ወዳድነቱ ነው ትንንሽ ልጆች ሲወስዱት ከሚያድገው ጥርሳቸው ጋር ተጣብቆ ለዕድሜ ልክ ቡናማ አድርጎ የሚያስቀረው። ዶክሲሳይክሊን የዚሁ ቤተሰብ አባል ቢሆንም ቅባትን ይበልጥ ስለሚወድ በወተት የሚጎዳው በመጠኑ ነው። ለማንኛውም ውኃ የሚያህለው የለም፤ ብርጭቆ ሙሉ፣ ቁጭ ብሎ።

አለመግባት ራሱ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። አልቤንዳዞል ከተዋጠው ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አምስት አይሞላም። በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለው 400 ሚሊግራም ክኒን የሚፈለገው ትሉ ባለበት አንጀት ውስጥ ስለሆነ ባይገባ አይከፋንም። አባቶቻችን በባዶ ሆድ ይጠጡት የነበረው ኮሶም ሥራው አንጀት ውስጥ ካለው ትል ጋር ነበር። ከውሻ የሚመጣው ሃይዳቲድ የተባለው ትል ግን ጉበት ላይ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይቀመጣል። ያንን ለማግኘት አልቤንዳዞል ደም ውስጥ መግባት አለበት፤ ስለዚህ ለዚያ ሕመምተኛ ያው ክኒን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይታዘዛል፤ የሚገባውም እስከ አምስት እጥፍ ይጨምራል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ክኒን ከእኔ ወስደው የሚወጡት ተቃራኒ ምክር ይዘው ነው። ደጅ ላይ ቢገናኙና ቢነጋገሩ አንዱን አሳስቷል ይሉኛል።

ከሁሉ የሚያታግለኝ ቡና ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የብረት ክኒኗን ከምሳ በኋላ ትውጥና ወዲያው ቡናው ይፈላል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት መራራ ውሕዶች ብረትን አንጀት ውስጥ ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከሐምበርገር ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ከምግቡ የሚገኘውን ብረት በ39 በመቶ እንደቀነሰው አሳይቷል፤ ሻይ በ64 በመቶ። ከሁሉ የገረመኝ ሰዓቱ ነው። ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አላደረገም፤ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣ ሁሉ ቀነሰው። የእኛ ወግ ደግሞ ቡናን ከማዕዱ በኋላ ነው የሚያመጣው፤ እስከ በረካ ሲደርስ የመጀመሪያው ሰዓት አልፏል።

እንቅርታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ፣ ወይም ታይሮይዳቸው የሰነፈ ሰዎች የሚወስዱት ሌቮታይሮክሲን ደግሞ ከዚህም የባሰ ቡናን ይፈራል። መጠኑ በማይክሮግራም የሚለካ ኢምንት ነው፤ ጥቂቱ ቢጎድል ምርመራው ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጣሊያን ሐኪሞች መጠኑ እየተጨመረላቸውም ያልተስተካከለላቸውን ሕመምተኞች ሲያጣሩ ክኒኑን ከጠዋቱ ኤስፕሬሶ ጋር እንደሚውጡት አወቁ። ስለዚህ መመሪያው በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስና ከቡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይላል።

ይህን ለአንዲት የሰፈራችን እናት ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ጠዋት ቡና ሳልቀምስ አንድ ሰዓት?» አሉ በመጨረሻ፤ የቀዶ ሕክምናውን ሲሰሙ እንኳን እንደዚያ የተደናገጡ አይመስለኝም። ለእርሳቸው ሌላ መንገድ ነበረ። በኔዘርላንድ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ሌቮታይሮክሲን ማታ በመኝታ ሰዓት ሲወሰድ ከጠዋቱ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ሆድ ግን ባዶ መሆን አለበት፤ እራት ከተበላ ሦስት ሰዓት ገደማ ማለፍ ይኖርበታል። «ሐኪምዎ ከተስማሙ ማታ ያድርጉት፤ የጠዋቱ ቡና ነጻ ይሆናል» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ክኒናቸውን ተቀበሉኝና በሩ ጋር ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «እንግዲያው እራት በጊዜ ይቅረብልኝ ብለህ ለምራቴም በዚህ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው።